ምዕራፍ ዘጠኝ፦ በዘገምተኛ ኮምፒውተር ጥርት ያለ የጨዋታ ቪዲዮ ስለ መቅረጽ

ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ከሚወስደው አውራ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በሚገኝ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የጎረቤቴ ልጅ ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ በሕፃንነቱ በአጎቱ ቤት በካሴት ይጫወተው የነበረውን የፋሚኮም ጨዋታ በኢሙሌተር ሲጫወት፣ ብልሃቱንም ለወዳጆቹ ያሳይ ዘንድ በቪዲዮ ሊቀርጸው ሲደክም አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ ተመልክቻለሁ። ኢሙሌተር ማለት የቀድሞው የጨዋታ መሣሪያ ይሠራው የነበረውን ሥራ ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ልጁ ጨዋታውን ብቻውን በከፈተ ጊዜ ሁሉ ነገር በሥርዓቱ ይሄድ ነበር፤ የስክሪን መቅረጫውን ፕሮግራም በጨመረበት ጊዜ ግን የላፕቶፑ ማራገቢያ እንደ ተቆጣ ንብ መጮኽ ጀመረ፣ ሥዕሉ እየዘለለ ድምፁም እየተቆራረጠ ሄደ፣ የተቀረጸውንም መልሶ ባየው ጊዜ ግማሹ እንቅስቃሴ ጠፍቶ አገኘው። እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ አዩት? አዲስ ማሽን ካልገዛሁ በቀር ይህ ነገር አይሆንም» አለኝ።

«ልጄ፣ ገንዘብህን አታውጣ፤ ማሽንህ ዘገምተኛ ቢሆንም ታማኝ ነው፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ስላሸከምኸው ነው የወደቀው» አልሁት። ይህ ምዕራፍ የዚያ መልስ ማብራሪያ ነው።

የችግሩ ሥር

ፋሚኮም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 በጃፓን ለገበያ የቀረበ መሣሪያ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 60 ያህል ፍሬም፣ ማለትም 60 የቆሙ ሥዕሎችን ያሳያል፤ የእያንዳንዱም ሥዕል ስፋት 256 በ240 ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 3 ባይት ቢይዝ አንዱ ሥዕል 184,320 ባይት፣ የአንድ ሴኮንዱ 11 ሚሊዮን ባይት፣ የአንድ ሰዓቱ ደግሞ ወደ 40 ቢሊዮን ባይት ይደርሳል። እንግዲህ ደካማው ኮምፒውተር በሴኮንድ 60ኛ እጅ ውስጥ የጨዋታውን ሥዕል ሠርቶ፣ ያንኑ ሥዕል ጨምቆ፣ በሃርድ ዲስኩም ላይ አኑሮ መጨረስ ይኖርበታል፤ ከዘገየም የሚቀጥለው ሥዕል ስለማይጠብቀው፣ መቅረጫው ያልደረሰበትን እየዘለለ ያልፋል። ጥራት የሚጠፋው በዚህ ጥድፊያ ነው።

ምልክቱ ከዜማው ይቀድማል

የዚህ ችግር መፍትሔ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድን ዜማ በብራና ላይ ለማኖር ባሰቡ ጊዜ ድምፁን ራሱን ማኖር ስለማይቻላቸው፣ ድምፁ የሚነሣበትን፣ የሚወድቅበትንና የሚቆረጥበትን ስፍራ የሚናገሩ ምልክቶችን ከቃላቱ በላይ አኖሩ፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ይህን ሥርዓት እንዳደረጁት ይነገራል። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተባሉትን ምልክቶች የተማረ መሪጌታ፣ ድጓውን ዘርግቶ፣ ከመቶ ዓመታት በፊት የተዜመውን ዜማ በራሱ ጊዜና በራሱ ትንፋሽ መልሶ ያሰማል።

ኢሙሌተርም እንዲህ ያለ የምልክት መዝገብ አለው። የፋሚኮም መጫወቻ እጀታ ስምንት ቁልፎች ብቻ ነው ያሉት፤ ኤፍ-ሲ-ኢ-ዩ-ኤክስ የተባለው ኢሙሌተር ሥዕሉንና ድምፁን ትቶ፣ በእያንዳንዱ ፍሬም ከእነዚህ ቁልፎች የትኛው እንደ ተጫነ ብቻ በአንድ መስመር ይጽፋል። ይህ በንጹሕ ስሌት ለአንድ ፍሬም 1 ባይት፣ ለአንድ ሰዓት ጨዋታ 216,000 ባይት ነው፤ በጽሑፍ መልክ ሲቀመጥ ጥቂት ሜጋባይት ቢሆንም፣ ከ40 ቢሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር ከባሕር እንደ ተጨለፈ ጭልፋ ውኃ ነው። ኢሙሌተሩ ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስለሚሰጥ፣ መዝገቡን መልሶ ሲያነብ ጨዋታው ከፍሬም እስከ ፍሬም ሳይዛነፍ ይደገማል። ጊዜንም የሚቆጥረው በግድግዳ ሰዓት ሳይሆን በፍሬም ስለሆነ፣ በድግግሞሹ ወቅት ቢዘገይ የሚጎድል ሥዕል የለም።

የአሠራሩ ተራ

በመጀመሪያ መቅረጫ ፕሮግራም ሳትከፍት፣ ከኢሙሌተሩ «ሙቪ» የሚባለውን የቁልፍ መዝገብ መቅዳትን መርጠህ፣ ጨዋታውን ከመነሻው አንሥተህ ተጫወት። ሁለተኛ፣ ተጫውተህ ከጨረስህ በኋላ መዝገቡን አስደግም፤ በዚህን ጊዜ የኢሙሌተሩን የራሱን የኤቪአይ ቪዲዮ መቅረጫ አስነሣ። ማሽንህ በሴኮንድ 10 ፍሬም ብቻ ቢችል፣ የአንድ ደቂቃው ጨዋታ 3,600 ፍሬም ስለሆነ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ድምፁም በጆሮህ ሲጎተት ትሰማዋለህ፤ በፋይሉ ውስጥ ግን ሥዕሉም ድምፁም ቀጥ ብሎ ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ደረጃ ሥዕሉን ሳያጎድል የሚጨምቅ ኮዴክ፣ ማለትም የቪዲዮ መጭመቂያ፣ ለምሳሌ ላጋሪትን፣ ምረጥ፤ መጀመሪያ ላይ የጠፋ ቀለም በኋላ በምንም ጥበብ አይመለስምና። አራተኛ፣ ሥዕሉን ስታሰፋ በሙሉ ቁጥር አስፋው፤ 256 በ240 የነበረው በ4 ቢባዛ 1024 በ960 ይሆናል። የማስፋቱም ስልት ነጥቡን ሳያደበዝዝ እንዳለ የሚደግመው ይሁን። የዚህ ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው፣ የተለመደው የቪዲዮ አጨማመቅ የቀለሙን ዝርዝር በቁመትም በወርድም በግማሽ ስለሚቀንሰው፣ አስቀድሞ ያልሰፋ ሥዕል ቀዩና ሰማያዊው እርስ በርሱ ይፈሳል፤ ሁለተኛው፣ ዩቲዩብ በሴኮንድ 60 ፍሬም የሚያሳየው ቁመቱ 720 ነጥብና ከዚያ በላይ ለሆነ ቪዲዮ ነው። በመጨረሻም ለመላክ የሚሆነውን ቅጂ ኤፍ-ኤፍ-ኤምፔግ በተባለው ፕሮግራም፣ በኤክስ 264 መጭመቂያ፣ ዝግ ባለው ስልት፣ የጥራት ቁጥሩን ወደ 18 አድርገህ አዘጋጅ፤ ይህ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅ አንተ ተኝተህ ነው የሚሠራው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ እጨምራለሁ። መዝገቡን ስታስደግም ያው ኢሙሌተር፣ ያው የጨዋታ ፋይል፣ ያው ማስተካከያ መሆን አለበት፤ አንዱ ቢለወጥ ምልክቱ ከዜማው ይለያይና፣ በእጅህ ያሻገርኸው ተጫዋች በድግግሞሹ ገደል ገብቶ ታየዋለህ። መብራት በድንገት ቢጠፋ የኤቪአይ ፋይል ማውጫው የሚጻፈው በመጨረሻ ስለሆነ ሊበላሽ ይችላልና፣ ረጅሙን ጨዋታ ከፋፍለህ ቅረጽ፤ መዝገቡንም በፍላሽ ላይ አስቀምጥ፤ እርሱ ካለ ሁሉም አለ። ደግሞም ኢሙሌተሩ ስሕተትን እያረሙ መቅዳት ስለሚፈቅድ፣ ያረምኸውን ጨዋታ ያላረምኸው አስመስለህ ለሰው አታሳይ፤ የጨዋታውንም ፋይል በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መንፈስ፣ የሌላውን ሰው ድካም አክብረህ ያዝ።

ያ ልጅ በዚያው ሌሊት የ8 ደቂቃ ጨዋታውን በመዝገብ ቀድቶ፣ ላፕቶፑን ከሚስማር ከተሰቀለው ጃኬቱ ሥር በርጩማ ላይ አኑሮ፣ ማስደገሙን አስጀምሮ ተኛ። ማለዳ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሲሰማ ተነሥቶ ፋይሉን ከፈተው፤ ከ28,800 ሥዕሎች አንዲት እንኳ አልጎደለችም።

አንባቢ ሆይ፣ የመሣሪያህ ድህነት የሥራህን ጥራት እንዲወስን አትፍቀድለት። የምትቸኩልበትን ሥራ ከማትቸኩልበት ለይ፤ መጫወቱን በጊዜው ተጫወት፣ መቅረጹን ለትዕግሥት ተውለት። ይህን ያደረገ ሰው ባገለገለ ማሽን፣ ውድ ማሽን ከሚሠራው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል።