የእንዶድ ሥር ለእብድ ውሻ ንክሻ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ላፍቶ ነው። የሰባት ዓመት ልጄን ከአምስት ቀን በፊት የሰፈር ውሻ እጁን ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ናት። ጎረቤቴ «የእንዶድ ሥር በወተት አጠጪው፣ መርፌ አያስፈልገውም» አለችኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የቀረውን መንገድ ላይ ያነቡታል። አምስት ቀን አለፈ ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት እስካልታየ ድረስ ክትባቱ ይጠቅማል። ምልክቱ ከመጣ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለንም። የቁስሉ ማነስም አያዘናጋዎት።

እንዶድን አልንቅም። አጥርና ዛፍ ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድገው ይህ ተክል ስንቱን ነጠላና ጋቢ አንጽቷል! ዶ/ር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለበሽታው መከላከያ አደረጉት። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው፣ አረፋውንም የሚያወጣው ሳፖኒን ነው። ይኸው ነገር ሲጠጣ አንጀትን ያስቆጣል፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ልጅ ሲያስመልስ «መርዙ ወጣለት» ይባላል። ምን መርዝ ወጣ? የበሽታው ቫይረስ ጨጓራ ውስጥ የለም፤ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ነው የሚጓዘው።

«እገሌ ጠጥቶ ድኗል» ይሉዎታል። የነከሰ ውሻ ሁሉ ያበደ አይደለም፤ ያ ሰው ምንም ባይጠጣም አይታመምም ነበር። ውሻው ካበደ ደግሞ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከሳምንታት እስከ ወራት ተደብቆ ይቆያል። ሥሩን የጠጣው ልጅ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሲሮጥና ሲጫወት ያዩታል፤ ምስጋናውም ለእንዶዱ ይሄዳል።

ጠበል ማስጠመቅ ከፈለጉም ያስጠምቁት፤ ክትባቱን ግን አያስቀሩበት።

ሌላው የሚያናድደኝ ክትባቱን ጀምሮ መተው ነው። ሁለቴ ተወግተው «ልጁ ደህና ነው» ብለው የሚቀሩ አሉ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሁሉ መሟላት አለበት። ዱሮ ፓስተር ኢንስቲትዩት ሄደው በየቀኑ ሆድ ላይ የተወጉ ሰዎች ያስፈሯችሁ ይሆናል፤ ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ፣ ለሕፃናት ደግሞ ጭን ላይ የሚሰጥና ጥቂት ቀጠሮ ያለው ነው።

ንክሻ እንደደረሰ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ አመድ የሚባል ነገር አይደረግበትም። ውሻውንም ቶሎ አትግደሉት፤ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ክትባቱ ግን የውሻውን ውጤት አይጠብቅም።

ጤና ጣቢያው «ክትባቱ የለንም» ካለዎት የት እንደሚገኝ አስጽፈው በቀጥታ ወደዚያ ይሂዱ፤ ልጁን ሳያስከትቡ ወደ ቤት እንዳይመለሱ።