የዶሮ ቤት ጉዝጓዝ ዋጋ እንዴት ይታሰባል?

በወላይታ ሶዶና በአካባቢዋ በጓሮው ዶሮ የሚያረባ ሰው ጉዝጓዝ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው የጆንያውን ዋጋ ነው። ዳሩ ግን እውነተኛው ዋጋ የሚታወቀው ጉዝጓዙ ደርቆ በሚቆይበት ቀን ልክ ነው። ለምሳሌ በ60 ብር የተገዛው 10 ቀን ቢያገለግል የቀኑ ወጪ 6 ብር ይሆናል፤ በ90 ብር የተገዛው 30 ቀን ቢያገለግል ግን 3 ብር ብቻ ነው።

የጤፍ ጭድ ለከብት መኖና ለቤት ምርግ ስለሚፈለግ ዋጋው ይወደዳል፤ ሲረጥብም ይጋገራል። የሰጋቱራ ብናኝ ትንፋሽን ያውካል፤ ጫጩቶችም ይለቅሙታል። የቡና ገለባ በሚገባ ካልደረቀ ይሻግታል። ከመላጊያ የሚወድቀው የእንጨት ፍቅፋቂ ግን እርጥበትን ይመጥጣል፤ ቶሎም አይጋገርም። ቀለም የተቀባ ወይም መድኃኒት የነካው እንጨት ፍቅፋቂ ግን አይገባም።

ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። አንድ እፍኝ ጨብጠው ሲለቁት ከተበተነ ደኅና ነው፤ ተድቦልቡሎ ከቀረ ይለወጥ። እርጥብ ጉዝጓዝ የሚሰነፍጥ አሞንያ ያወጣል፤ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውንም በሽታ ያስፋፋል፤ በጥቂት ብር ቁጠባ መንጋው ሊያልቅ ይችላል።

እንግዲህ ሻጭ ጉዝጓዙን ከዝናብ ጠብቆ በደረቁ ያቅርብ፤ ገዢም ጆንያውን ፈትቶ ሳይጨብጥ ገንዘቡን አይክፈል። ያገለገለውም ከበሰበሰ በኋላ ለእንሰት ፍግ ስለሚሆን ከሒሳቡ ይግባ።