ጭቃው የያዘው፣ ጠርሙሱ ያጣው

ወጣቷ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ለመመረቂያ ጥናቷ ከጣና ዳር፣ ደንገል ከበቀለበት ጭቃ፣ ሚቴን የሚበሉ ባክቴሪያዎችን ለይታ ማራባት ትፈልጋለች። የምትጠይቃቸው ሰው ጡረታ የወጡ የማይክሮባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ጥያቄ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል።

«ጋሼ፣ ሚቴን ክብሪት ሲያገኝ የሚነድ ጋዝ ነው። እንዴት ምግብ ይሆናል?»

«ለእነሱ ቀለብም ጉልበትም ነው» አሉ መምህሩ። «ያለ እሳት፣ በኦክስጅን ቀስ አድርገው ያነዱታል። መጀመሪያ ሜታኖል ይሆናል፣ ቀጥሎ ፎርማልዴሃይድ፣ ከዚያ ፎርሚክ አሲድ፣ በመጨረሻም ካርቦን ዳይኦክሳይድ። መንገድ ላይ ከካርቦኑ ቀንሰው ሰውነታቸውን ይሠሩበታል። ሆላንዳዊው ሶንገን ይህን ዓይነት ባክቴሪያ ለይቶ ያሳወቀው በ1906 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።»

«እኛስ ምን እናተርፋለን?»

መምህሩ ለዚህ ጥያቄ ድምፃቸው ጠንከር አለ። ሚቴን በመቶ ዓመት ሲሰላ፣ በክብደት እኩል ከሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ከረግረግና ከሩዝ ማሳ ሥር የሚመነጨው ሚቴን ሁሉ አየር ላይ ቢወጣ ኖሮ ሙቀቱ ከዛሬው የባሰ በሆነ ነበር፤ ብዙውን ገና ጭቃው ውስጥ ሳለ የሚያስቀሩት እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከብቶችም ሚቴን ያገሳሉ፤ ስለዚህ በአፍሪካ አንደኛ የሆነ የከብት ሀብት ላላት ኢትዮጵያ ሚቴን የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

«እሺ፣ ከምን ልጀምር?»

«ከጭቃው የላይኛው ስስ ንብርብር ጀምሪ። ከታች ሚቴን አለ፣ ኦክስጅን የለም፤ ከላይ ኦክስጅን አለ፣ ሚቴን የለም። እነሱ የሚኖሩት ሁለቱ በሚገናኙበት ነው። ትንሽ ጭቃ ወስደሽ ማዕድን ብቻ ያለበት ውኃ ውስጥ ጨምሪው፤ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ጥቂት ብረትና መዳብ። ስኳር የለም፣ የሥጋ መረቅ የለም። ካርቦኑ ከሚቴን ብቻ ይምጣ።»

«ናይትሬት ለምን? አሞኒያ አይሆንም?»

«ሚቴንን የሚይዘው ኢንዛይም አሞኒያንም ይይዛል፤ አሞኒያ ከበዛ ኢንዛይሙ ይጠመድና ሚቴኑ ይቀራል። አሲቴሊን ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ኢንዛይሙን ጭራሽ ያበላሸዋል። ስለዚህ የምትገዢው ሲሊንደር ንጹሕ ሚቴን መሆኑን አረጋግጪ።»

ቀጠሉ። ጠርሙሱ ግማሽ ያህሉ እንኳ በውኃ አይሞላም፤ ሰፊ የጋዝ ቦታ ይቀራል፤ አፉም በወፍራም የጎማ ክዳን ይደፈናል። ሚቴኑ በስሪንጅ ይገባል፤ በጋዙ ቦታ ውስጥ 20 በመቶ ያህል ሚቴን፣ የቀረው አየር ይሁን። በአንድ ሊትር ውኃ የሚሟሟው ሚቴን በክፍል ሙቀት ከ20 ሚሊግራም ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ጠርሙሱ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውስጥ ሆኖ ቀንና ሌሊት እንደ ወተት ይናጣል።

ተማሪዋ ማስታወሻዋን አቋርጣ ቀና አለች። «አይፈነዳም?»

«ጥሩ ጠየቅሽ። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ያንቺ 20 በመቶ ከዚያ በላይ ነው፤ ነገር ግን ሾልኮ ከክፍሉ አየር ጋር ሲቀላቀል በዚያ መጠን ማለፉ አይቀርም። ክብሪትና የጋዝ ምድጃ ባለበት አትንኪው። አየር የሚስብ መሳቢያ ሥር ብቻ ሥሪ።»

«ውኃው ሲደፈርስ አገኘኋቸው ማለት ነው?»

«ገና ነሽ። ሚቴን በሊታዎቹ ሜታኖልና ሌላም ነገር ያንጠባጥባሉ፤ ያንን የሚለቅሙ ሌሎች ባክቴሪያዎች አብረው ይፋፋሉ። ሚቴን የሌለበት ሁለተኛ ጠርሙስ ጎን ለጎን አስቀምጪ፤ እሱም ከደፈረሰ የሚበላው ሌላ ነገር አለ። ከዚያ ደጋግመሽ እያቀጠንሽ አዛውሪ፤ በአጋር ሳህን ላይ ዘርተሽም ሳህኑን ሚቴንና አየር በያዘ ዝግ ዕቃ ውስጥ አኑሪ። ትዕግሥት ይጠይቃል። በ1970 ዊተንበሪና ባልደረቦቹ ከ100 በላይ ዓይነቶችን ለይተው ያሳወቁት በዚህ መንገድ ነው።»

«ይህን ሁሉ አድርጌ እምቢ ቢለኝስ?»

መምህሩ ጊዜ ወስደው የመለሱት ይህን ነው። ጣሊያን ውስጥ፣ ኔፕልስ አጠገብ፣ ሶልፋታራ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ፤ ጭቃው ይፈላል፣ አሲዱ ኃይለኛ ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች ከዚያ ጭቃ ሚቴን የሚበላ ባክቴሪያ አግኝተው በ2007 አሳወቁ። በላቦራቶሪ ግን ችግር ገጠማቸው፤ ባክቴሪያው ደህና አድርጎ የሚያድገው ከሶልፋታራ የመጣ የጭቃ ውኃ ሲጨመርለት ነበር። የሚታወቁት ማዕድናት ሁሉ ተሰጥተውታል፤ አልበቃውም።

«ምን ጎድሎት ነበር?»

«ሴሪየም፣ ላንታነም፣ ኒዮዲሚየም!» አሉ መምህሩ። «በ2014 ነው የታወቀው። እነዚህን ብረቶች ሕይወት ያለው ነገር አይፈልጋቸውም ይባል ነበር፤ የሚታወቁት በማግኔትና በኤሌክትሮኒክስ ሥራ ነው። የባክቴሪያው ሜታኖል የሚያነድ ኢንዛይም ሲመረመር፣ በሌሎች ዘንድ ካልሲየም በሚቀመጥበት ቦታ ከእነዚሁ ብረቶች አንዱ ተቀምጦ ተገኘ። ትንሽ ጨመሩለት፤ ያለ ጭቃው ውኃ አደገ።»

ተማሪዋ ዝም አለች። መምህሩ ግን ሐሳባቸውን አልቋጩም ነበር። ‹አይበቅልም› ተብሎ የሚተወው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም ባይ ናቸው፤ የጎደለው ጠርሙሱ ነው። ተመራማሪው የቤተ ሙከራውን መጽሐፍ ከመግለጡ በፊት የባክቴሪያውን መኖሪያ ሊያጠና ይገባል፤ ምን ያህል ይሞቃል፣ ምን ያህል ይኮመጥጣል፣ ምን ማዕድን አለበት?

«ከጣና ስጨርስ ወደ ሻላና ጪቱ ብወርድስ?»

«ውረጂ እንጂ! ግን ለጣና ያዘጋጀሽው ውኃ እዚያ አይሠራም። የእነዚያ ሐይቆች ፒኤች ወደ 10 ይጠጋል፤ ካርቦኔትና ጨው ያስፈልግሻል። ከኬንያ የሶዳ ሐይቆች ሚቴን በሊታዎች ተለይተዋል፤ የእኛዎቹም በርትቶ የሚፈልጋቸው ይሻሉ። ጭቃውን ስትቀጂ የሐይቁንም ውኃ በሌላ ዕቃ ቅጂ፤ አጣሪውና ቀዝቃዛ ቦታ አኑሪው። ሙቀቱንና ፒኤቹን እዚያው ሐይቁ ዳር ለክተሽ ጻፊ፤ ከተማ ከገባሽ በኋላ የምትለኪው ልክ አይሆንም።»