የዝቃጭ ማቃጠያ እቶን ጉድለት አስቀድሞ ስለሚታወቅበት መንገድ

ከከተማ የሚወጣው ፍሳሽ ተጣርቶ ውሃው ከተለቀቀ በኋላ ጭቃ የመሰለ ዝቃጭ ይቀራል። መቅበሪያ መሬት የጠበባቸው ከተሞች ይህን ዝቃጭ በእቶን ያቃጥሉታል። በሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው ቲ ፓርክ የተባለው ማቃጠያ በቀን እስከ 2,000 ቶን እንዲያቃጥል ሆኖ የተሠራ ነው። እንዲህ ያለ እቶን በድንገት ቢቆም ሕዝቡ መጸዳጃ ቤት መሄዱን አይተውምና ዝቃጩ በየሰዓቱ ይከማቻል፤ ማጠራቀሚያው ከሞላ በኋላ ወዴት ይሄዳል? እናንተ የአርትስ ተማሪዎች እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ የሚለን ቢኖር፥ ነገሩ ምልክትን የማንበብ ጉዳይ ነውና ከሥራችን አልራቅንም እንላለን።

በእቶኑ ውስጥ ወፍራም የአሸዋ ንጣፍ አለ። ከሥሩ በብዙ ቀዳዳ የሚነፋው አየር የጋለውን አሸዋ እንደ ገንፎ ያንተከትከዋል። ዝቃጩ በዚያ ውስጥ ሲገባ ውሃው ይተናል፥ የቀረው ይነድዳል፤ ጭሱም ከአሸዋው በላይ ባለው ክፍል 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ግሎ ተቃጥሎ ያልቃል።

ችግር ሲመጣ ሙቀቱ ይወርድና ደወል ይደወላል ብለን እናስብ ነበር። ነገር ግን ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ራሱ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ከመጭመቂያው የሚወጣው ዝቃጭ ከመቶው 30 እጅ ደረቅ ቢሆን፥ ለ1 ኪሎ ደረቅ ነገር 2.3 ኪሎ ያህል ውሃ ይከተለዋል። መጭመቂያው ደክሞ ደረቁ ወደ 25 እጅ ቢወርድ ውሃው 3 ኪሎ ይሆናል። ይህን ትርፍ ውሃ ለማትነን መሣሪያው ነዳጅ ይጨምራል፤ የሙቀት መለኪያው ግን ንቅንቅ አይልም። ትኩሳቱን በክኒን ያበረደ በሽተኛ ጤነኛ እንደሚመስል ማለት ነው። እንግዲህ መታየት የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱን ለመጠበቅ የወጣው ነዳጅ ነው። ለአንድ ቶን ዝቃጭ የሚሄደው ነዳጅ ከሳምንት ሳምንት ካደገ፥ እቶኑን ከመውቀስ በፊት መጭመቂያውን መመርመር ይሻላል።

የአሸዋው መጓጎል ከዚህ የከፋ ነው። ሶዲየም፥ ፖታሲየምና ፎስፎረስ የበዛበት አመድ ቶሎ ይለሰልስና አሸዋውን እንደ ሙጫ ያያይዘዋል። በሆንግ ኮንግ ደግሞ አብዛኛው ሕዝብ መጸዳጃውን የሚያጥበው በባሕር ውሃ ስለ ሆነ ጨው ወደ ፍሳሹ ይገባል። በደንብ የሚንተከተክ አሸዋ ሙቀቱን በየስፍራው እኩል ያደርጋልና፥ በንጣፉ ውስጥ የተተከሉት መለኪያዎች ተቀራራቢ ቍጥር ያሳያሉ። አማካዩ ምንም ሳይለወጥ ልዩነታቸው ቀስ በቀስ ከሰፋ አሸዋው በአንድ ወገን መተኛት ሳይጀምር አልቀረም። የአየሩም ግፊት እንዲሁ ነው። ከንጣፉ በታችና በላይ ያለው የግፊት ልዩነት የአሸዋውን ክብደት ይናገራል፤ መርፌውም አሸዋው እስከፈላ ድረስ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ሲደክም አዲሱ ሠራተኛ ተረጋጋ ብሎ ደስ ይለዋል፤ የቆየው ግን ይደነግጣል።

እርግጥ መለኪያውም ይዋሻል። ጫፉ በአመድ ቅርፊት የተሸፈነ የሙቀት መለኪያ የትናንቱን ወሬ ዛሬ እንደሚያወራ ሰው ዘግይቶ ይናገራልና፥ ከጎረቤቶቹ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

መጓጎሉ በጊዜ ከታወቀ እቶኑ ሳይቆም ከሥሩ ጥቂት አሸዋ ተቀንሶ አዲስ ይጨመርበታል። ከዘገየ ግን እሳቱ ይጠፋል፤ እቶኑ እስኪበርድ ቀናት ይጠበቃል፤ ከዚያም ሰዎች መዶሻ ይዘው ገብተው የደረቀውን አሸዋ እንደ ድንጋይ ይፈልጡታል።