የሬካብ ልጆች ቃል ኪዳን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋውን ወተቱን እንተዋለን። እሰየው ነው። ነገር ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከዚያ በቀጥታ ወደ አረቄ ቤት የሚሄድ ሰው በእኛ በደሎ መናም አለ። ሲመክሩት «ከእህል ነው፣ ጾም አያስገድፍም» ይላል።

ለመሆኑ መጠጥን መከልከል ከየት መጣ? ሥሩ በመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ናዝራዊ በስእለቱ ወራት የሚያሰክር ነገር አይቀምስም ነበር (ዘኁ. 6፥3)። ነቢዩ ዳንኤል 3 ሳምንት ሲያዝን ሥጋም ወይንም አልቀመሰም (ዳን. 10፥3)። ልብ በሉ፣ ሁለቱን የተወው አንድ ላይ ነው። የሬካብ ልጅ ኢዮናዳብም ቤተሰቡ ወይን እንዳይጠጣ አዘዘ። ከ200 ዓመት በኋላ ነቢዩ ኤርምያስ ወይን ቢያቀርብላቸው ልጆቹ «የአባታችንን ትእዛዝ አናፈርስም» ብለው እምቢ አሉ፤ እግዚአብሔርም አመሰገናቸው (ኤር. 35)።

እ.ኤ.አ. በ1835 በእንግሊዝ አገር በሳልፎርድ መጠጥ የተዉ ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ «ሬካባውያን» ያሉት በእነዚህ ስም ነው። አሜሪካ ደግሞ ከ1920 ጀምሮ መጠጥ መሥራትና መሸጥን በሕገ መንግሥቷ ከለከለች። ድብቅ መጠጥ ቤትና ኮንትሮባንድ በዛ፤ በ1933 ክልከላው ተሻረ። ልብ ያልተወውን ሕግ ብቻውን አያስተውም። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬድዮና ከቴሌቪዥን አገደ፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉት መሸጥንም ከለከለ። መልካም ነው። ግን አዋጁ በየጓዳችን ያለውን ጋን አይከድንልንም።

ወይን በራሱ ርኩስ ነው አንልም። ጌታ በቃና ሰርግ ውኃውን ወይን አድርጓል፤ ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ለሕመሙ ጥቂት ፈቅዶለታል (1ጢሞ. 5፥23)። ስካር ግን ኃጢአት ነው (ኤፌ. 5፥18)። ዲያቆንም ወይን እንዳያበዛ ታዝዟል (1ጢሞ. 3፥8)፤ ይህ ቃል አስቀድሞ የሚነካው እኔኑ ነው።

እንግዲህ እንደ ኢዮናዳብ በየቤታችን እንወስን። 55ቱን ቀን ጠላውም አረቄውም ይቅር። ማር በሞላበት አገራችን ለሰንበቴው ብርዝ ቢቀርብ ማኅበሩ አይፈርስም። ለመጠጥ የሚወጣው ብር ለልጆች ደብተር፣ ለተቸገረ ጎረቤት ይሁን። መጠጥ ሥር የሰደደበትና ሲያቆም የሚያንቀጠቅጠው ወንድም ካለ አንናቀው፤ ወደ ነፍስ አባቱም ወደ ሐኪምም እንውሰደው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።