የአምስቱ ጥምረት ቁጥር መቼ ይታመናል?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ እከታተላለሁ። በምደግፈው ቡድን አምስት ተጫዋቾች አብረው ሲሰለፉ ድምር የነጥብ ልዩነታቸው +8 ነው። አሰልጣኙ ግን ብዙም አያሰልፋቸውም። ተሳስቷል?

መልስ፦ በዚህ ቁጥር ብቻ አይፈረድበትም። መጀመሪያ ልዩነቱን በደቂቃ ሳይሆን በማጥቃት ተራ ያስሉት፤ ፈጣን ቡድን ብዙ ያገባል፣ ብዙም ይገባበታል። አምስቱ በ40 ተራ 50 አግብተው 42 ከተቆጠረባቸው፣ በ100 ተራ ሲሰላ 125 ለ105፣ ማለትም +20 ነው። ያጓጓል። ነገር ግን ካገቧቸው ባለሦስት ነጥቦች አንዷ ብትስት ኖሮ +12.5 ይሆን ነበር።

ችግሩ የናሙና ማነስ ነው። በ40 ደቂቃ ጨዋታ አንድ ቡድን 70 ጊዜ ያህል ያጠቃል፤ ከ10 ተጫዋቾች ግን 252 የአምስት ጥምረት ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ተጫዋቾች አብረው የነበሩበትን ጊዜ፣ ከሌሉበት ጋር ቢያነጻጽሩ ይሻላል።

የተጋጣሚን አቅም ይመዝኑ፤ ውጤቱ ከለየለት በኋላ የመጣውን ነጥብም ለይተው ይዩት። ተጋጣሚ ከሦስት ነጥብ ርቀት መሳቱ በአብዛኛው ዕድል ነው። ሪባውንድና የኳስ ብክነት የተሻለ ይናገራሉ። እነዚህም ጥሩ ከሆኑ፣ ያኔ አሰልጣኙን ይጠይቁ።