አበባችንን የበላው ፍየል በየት ገባ?

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ሁላችንንም ስላናደደን ነገር ነው። በክረምት የተከልናቸው ጽጌረዳዎች ከአጥሩ ሥር ያሉት ተበልተው እንጨታቸው ብቻ ቀርቷል። የበላው ፍየል ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከርም። ግን ብዙ ተማሪ «ዘበኛው ጋሼ በሩን ክፍት ትተው ነው» እያለ ነው። እኔ ይህን አላምንም፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ የፍየልን አፍ እንወቅ። ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም። ካላመናችሁ ፍየል ያለው ጎረቤት አስፈቅዳችሁ ከንፈሯን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ከላይ ያለው ጠንካራ ድድ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጠሉን በታች ጥርሷና በድዷ መሃል ይዛ ትገነጥለዋለች እንጂ እንደ መቀስ አትቆርጠውም። ከንፈሯ ደግሞ እንደ ጣት ይንቀሳቀሳል፤ ከግራር እሾህ መሃል እንኳን ቅጠሉን መርጣ ታወጣለች። በግ አንገቷን ደፍታ ሣር ትግጣለች፤ ፍየል ግን ቅጠል ነው የምትወደው፣ ለቅጠል ስትል በኋላ እግሯ ትቆማለች።

በፈረንጅ አገር የአትክልት አበባ የሚጨርሰው አጋዘን ነው። እሱም ከላይ የፊት ጥርስ የለውም። ነገር ግን ይዘላል፤ ስለዚህ አጥሩን ከ2 ሜትር በላይ ያደርጉለታል። (የኛ የባሌው የደጋ አጋዘን ከፍየልና ከላም ቤተሰብ ነው፤ የፈረንጁ ቀንድ በየዓመቱ ይወድቃል፣ የኛው አይወድቅም። የድሮ አስር ሳንቲም ቤታችሁ ካለ ራሱን እዩት።) ፍየል መዝለል ትችላለች፣ ግን ቀዳዳ ካገኘች ምን አደከማት? አንገቷን ታስገባለች።

አሁን ወደ ግቢያችን እንመለስ። ሦስት ሆነን በሜትር ለካን። የተበሉት ጽጌረዳዎች በሙሉ ከሽቦው 60 ሳንቲ ሜትር ሳይርቁ የተተከሉ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው አንድም አልተነካም። መደቡ ውስጥ የፍየል ኮቴም በጠጥም የለም፤ ከሽቦው ውጪ ግን ሞልቷል። ፍየል በበር ብትገባ ኖሮ መሃል ያለውን ለምለሙን ትታ አጥር ሥር ያለውን ብቻ ትበላ ነበር? እንግዲህ ጋሼ በከንቱ ነው የተወቀሱት።

የፍየሎቹ ባለቤት እማማን አነጋግሬያቸዋለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ሳይከፈት በፊት አካባቢው ሜዳ ስለነበር ፍየሎቻቸው እዚያ ይውሉ እንደነበር ነገሩኝ። ለበዓል አንዷን ሸጠው ነው ለልጅ ልጃቸው ደብተር የሚገዙት። ስለዚህ «መርዝ እናድርግ» ያላችሁ ልጆች ተዉት! መርዝ ያለው ተክል እንትከል የሚለውም ያው ነው፤ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት አፋቸው ውስጥ የማይከቱት ነገር የለም።

የሚያዋጣው ምንድን ነው? አንደኛ አበባውን ከሽቦው አንድ ሜትር ማራቅ። ባዶ በሚቀረው ቦታ እሬት እንተክላለን፤ መራራ ስለሆነ ፍየል አትደፍረውም። ከሽቦው ውጪ ደግሞ የደረቀ እሾህ ይደረደራል። እርጥብ አይሁን፣ እርጥቡን ትበላዋለች።

ሌላው ገበሬዎች ችግኝ ላይ የሚያደርጉት ነው፦ የላም እበት በውሃ በጥብጦ በአሮጌ መጥረጊያ ቅጠሉ ላይ መርጨት። ፍየል እበት የነካውን ቅጠል አሽትታ ትተወዋለች። ዝናብ ካጠበው ይደገማል፤ አዲስ የሚያቆጠቁጠው ቅጠልም እበት ስላልነካው እሱም ይረጫል። የሚበላ አትክልት ላይ ግን አታድርጉ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ይሸታል ብላችሁ አፍንጫችሁን የምትይዙ ልጆች፣ ሲደርቅ ሽታው ለኛ ይጠፋል፤ ፍየል ግን ትሰማዋለች።

የተበሉት ጽጌረዳዎች አልሞቱም። እንጨቱን በጥፍራችሁ ጫር ስታደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ሥሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ውሃ ካገኘ ያቆጠቁጣል። ከሃያ አንዱ አሥራ ሰባቱ አረንጓዴ ናቸው። ዓርብ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ከነአፈራቸው ነቅለን ወደ ውስጥ እናዛውራቸዋለን። ጋሼ አካፋቸውን እናውሳችኋለን ብለዋል፤ ባልዲ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።